ሻጋታ ያለበት ካሜራ

የካቲት 16፣ እሑድ ማታ

ይህን ደብተር ያመጣችልኝ ልጄ ሊሊሴ ናት። ከዲጋ ስትመጣ ከቦርሳዋ አወጣችና፣ «አባ፣ የሚያናድድህን ሁሉ ለእናቴ ከምትነግራት እዚህ ላይ ጻፈው፤ እሷም ትገላገል» አለችኝ። ቀለሟ ከጓዳ ሆና ሳቀች። እናትና ልጅ ሲተባበሩብኝ ደስ ይላቸዋል። የተማርኩት በአማርኛ ስለሆነ ብዕር ስይዝ እጄ የሚሄደው ወደ አማርኛ ነው፤ የምናደደው ግን በኦሮምኛ ነው።

ዛሬ የጋሩማ ሽማግሌዎች መጥተው ነበር። ጋሩማ ሊሊሴን የሚያገባት ልጅ ነው። እሷ ዲጋ ታስተምራለች፣ እሱ እዚያው ጤና ጣቢያ ይሠራል። ደህና ልጅ ነው፤ ዝምታ ያበዛል እንጂ። የሽማግሌዎቹ መሪ ፈይሳ ነው፤ የሰፈሬ ሰው። የሱንም ሠርግ ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነኝ። በነቀምቴ ያላነሳሁት ማን አለ?

ነገሩ ሁሉ በደህና አለቀና ፈይሳ፣ «እንግዲህ ዋቅወያ፣ የአባት ጥያቄ ካለህ ተናገር» አለኝ። በኛ ወግ የልጅቷ አባት በሽማግሌ ፊት የሚጠይቀው አይመለስም፤ የተናገረውንም እሱ ራሱ አይመልሰውም። እኔም ምንም አልፈልግም፣ አንድ ነገር ብቻ አልኩ፦ «ልጄን ፎቶ የማነሳት እኔ ነኝ። ከአዲስ አበባም ይሁን ከዚህ፣ ሌላ አንሺ እንዳይመጣ።»

ፈይሳ ሌሎቹን ሽማግሌዎች አየና ጠየቀኝ፦ «ካሜራ አለህ እንዴ?»

«ይኖረኛል።»

መረቁና ወጡ። ቀለሟ ወንበሮቹን እያነሳች፣ «ሰው ለልጁ ጋቢ ይጠይቃል፣ አንተ ሥራ ጠየቅህ» አለች። ትበል። ሊሊሴ ገና ጥርሷን ስትቀይር ፎቶ ቤቴ ውስጥ ደንበኞች የሚቀመጡበት በርጩማ ላይ ወጥታ፣ «እኔ ሳገባም አንተ ነህ የምታነሳኝ» ብላኛለች። እሺ ብያታለሁ። ፊልም የሚያጥብልን ቤት ሲዘጋ እኔም ፎቶ ቤቴን ዘጋሁ። ዲጂታል ግዛ ያላለኝ ሰው አልነበረም፤ እኔ ግን ከዲጂታል ጋር ተኳርፌ ነበር። ዛሬ እዚያ ክፍል ውስጥ የስልክ ሽፋን ይሸጣል። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። በዚህ ዕድሜዬ የመጀመሪያ ዲጂታሌን ልመርጥ ነው።

የካቲት 20

ባኬ ጃማ ሰፈር፣ ሞረዳ ሱቅ። ሞረዳ ያገለገሉ ዕቃዎች ነው የሚሸጠው፤ ቴፕ፣ ቴሌቪዥን፣ አንዳንዴ ካሜራ። ጥቁር፣ ከበድ ያለ ካሜራ አወጣልኝ። እጄ ወዲያው ወደደው። ወደ ዓይኔ አስጠጋሁት፤ ጭጋግ። ነጭ ጭጋግ።

«ሌንሱ ሻግቷል» አልኩት።

ራሱ አየበት። «ኦቦ ዋቅወያ፣ እኔ ምንም አይታየኝም።»

«ሻጋታ ለሁሉ ሰው አይታይም። ልምድ ይጠይቃል።»

እውነቴን ነው። የወለጋ ክረምት መስታወት ውስጥ ይገባል። በሥራ ዘመኔ ሁለት ሌንስ በልቶብኛል። ሞረዳ ጀርባው ላይ ያለውን ትንሽ ቴሌቪዥን አብርቶ በዚህ ይዩት አለኝ። ካሜራ ከዓይኑ አርቆ የሚይዝ ሰው ፎቶ አንሺ አይደለም፤ ትሪ ተሸካሚ ነው። ይህንንም ነገርኩት። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሳቁ፣ እሱ አልሳቀም።

የካቲት 24

ቀለሟ ሻይ የምታስቀምጥበትን ቦታ ትቀያይራለች። ዛሬ በክርኔ ደፋሁት። ጮህኩባት። ጨርቅ አመጣችና ጠረገች። መጮህ አልነበረብኝም።

መጋቢት 3

ሲሬ ደርሼ መጣሁ። እዚያ ቀጀላ የሚባል የመዘምራን መሪ ካሜራ ይሸጣል ብለውኝ ነበር። በጠዋት ሚኒባስ ያዝኩ። ቀጀላ በጨርቅ ጠቅልሎ ያስቀመጠው ዕቃ ነው፤ አያያዙ ደስ ይላል። ባለቤቱ ወተት አመጣችልኝ። ወደ ዓይኔ ሳስጠጋው ያው ነጭ ጭጋግ ነው፤ እንዲያውም የዚህኛው ይብሳል።

«አዝናለሁ፣ ሻግቷል» አልኩት።

ቀጀላ ባለፈው እሑድ በቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች ሲጠመቁ በዚሁ ካሜራ እንዳነሳ ነገረኝ፤ ፎቶዎቹንም በስልኩ አሳየኝ። ጥሩ ፎቶዎች ናቸው። እንዴት እንዳነሳቸው አልገባኝም። ምናልባት ሻጋታው በዚህ ሳምንት የገባ ይሆናል። ሰውየው ከፍቶት ነው የሸኘኝ፤ የወተቱን ምስጋና እንኳ በቅጡ አልተቀበለኝም።

ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጠው ሰው ሁሉንም ነገርኩት፤ የሞረዳንም ጭምር። ሰውየው የሞረዳ ጎረቤት ሆኖ ተገኘ።

መጋቢት 7፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሁለት ሴቶች ከኋላዬ ሲነጋገሩ ሰማሁ። «ኦቦ ዋቅወያ ልጁን ሊድር ነው ተብሎ እንዲህ ይኮራል? አጠገቡ ሆነን ሰላም ስንለው ዞር ብሎ አላየንም።» እኔ አላየኋቸውም። የዛሬ ሰው ፊት ለፊት መጥቶ ሰላም አይልም፤ በጎን መጥቶ በጎን ይሄዳል።

ሞረዳም እዚያ ነበር፣ ፊት ለፊቴ። እሱን አይቼዋለሁ። ፊቱን አዞረብኝ።

መጋቢት 14

ሊሊሴና ጋሩማ መጥተው ዋሉ። ሊሊሴ ወደ አዲሱ ቤቷ የምትወስዳቸውን ፎቶዎች ስትመርጥ ወለሉን በሙሉ ያዘችው። እናቷ አለች፣ አክስቶቿ አሉ፣ የሞቱት አያቶቿ አሉ፤ የጎረቤት ፍየል እንኳ አለች።

«አንተ የት አለህ?» አለችኝ።

«ካሜራው ጀርባ።»

«አንድ እንኳ የለህም?»

«መታወቂያዬ ላይ ጉርድ አለኝ።»

ሳትስቅ ቀረች። የሚያስቅ መስሎኝ ነበር የተናገርኩት።

ጋሩማ ነገር አለው። ስንበላም ስናወራም ዓይን ዓይኔን ነው የሚያየው። በአማቱ ላይ እንዲህ የሚያፈጥ ልጅ አላየሁም። ደግሞ ሊሄዱ ሲነሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባ፣ ማታ አምፖል ሲያዩ ዙሪያውን ቀለበት ነገር ይታይዎታል?» አለኝ። ቻይና የሠራው አምፖል ቀለበት ቢኖረው ምን ይገርማል አልኩት። አንገቱን ደፋና ሌላ ሊል ያሰበውን ዋጠው። ሊሊሴ እጁን ስትጎትተው አየሁ። ምን እንደሚደብቁኝ እግዜር ይወቅ። ከሠርጉ በፊት ልጄ ላይ ችግር እንዳይኖር ብዬ ሰጋሁ።

መጋቢት 22

ዛሬ ዱረቲ ጋ ሄጄ ነበር። ዱረቲ አሁን በከተማው የታወቀች ፎቶ አንሺ ናት። ለስምንተኛ ክፍል ፈተና ጉርድ ፎቶ ያነሳኋት እኔ ነኝ፤ ስታየኝ ከመቀመጫዋ ትነሳለች። አዲስ ካሜራ ከአዲስ አበባ መጥቶላት ነበር። «እርስዎ ከወደዱት ይውሰዱት፣ እኔ ሌላ አስመጣለሁ» አለችኝ። ካርቶኑ ፊቴ ተከፈተ። ፕላስቲኩን የቀደድኩት እኔው ነኝ።

ወደ ዓይኔ አስጠጋሁት።

ጥሩ ነው አልኳት። አስብበታለሁ ብዬ ወጣሁ። ይዘንብ ነበር። ጃንጥላዬን እዚያው ረስቼ መጣሁ።

መጋቢት 23

ካርቶን እርጥበት ይስባል። ከአዲስ አበባ እስከዚህ መንገዱ ረጅም ነው። አዲስ ዕቃም ቢሆን መንገድ ላይ ሊሻግት ይችላል።

መጋቢት 24

ዱረቲ ጃንጥላዬን ልካልኛለች። ስለ ካሜራው ወሰኑ ወይ ስትል አስጠይቃለች። ተኝቷል በሏት አልኩ። ቀን ነበር።

መጋቢት 26

ዛሬ የሆነውን እንደሆነው ልጻፍ።

ቀለሟ ገበያ ሳለች የድሮ የፊልም ካሜራዬን ከቁም ሣጥኑ ራስ ላይ አወረድኩት። ከክረምቱ ሁሉ ያዳንኩት ነው፤ ሌንሱን በየዓመቱ ፀሐይ አሞቀዋለሁ። በሱ ከታየኝ ችግሩ የዲጂታሎቹ ነው ብዬ ነው። መስኮቱ ጋ ቆሜ አየሁበት። እሱም ነጭ ነው። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም፤ ቀለሟ ስትገባ እዚያው ነበርኩ።

«እሱም ሻግቷል» አልኳት። «ሁሉም ሻግቷል።»

ዘንቢሏን አስቀምጣ ካሜራውን ከእጄ ወሰደችና አየችበት። «አጥሩ ላይ ያለችው ወፍ ጥርት ብላ ትታየኛለች» አለች። ከዚያ መጥታ ፊቴ ቆመች። ሽንኩርት ሽንኩርት በሚለው መዳፏ ግራ ዓይኔን ሸፈነችው።

«እኔን ታየኛለህ?»

ደህና ነኝ ልል ነበር። አልቻልኩም። የሷ ጥላ አለ፣ ፊቷ ግን የለም። ያ የሁሉም ካሜራ ጭጋግ በሷና በኔ መካከል ቆሟል።

ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት በቀኝ ዓይኔ ነው። ፎቶ አንሺ ግራውን ጨፍኖ በቀኙ ያያል፤ እኔም እንደዚያው ነኝ። ሌላ ጊዜ ሁለቱም ክፍት ስለሆኑ ግራው ብቻውን ሲሠራልኝ ኖሯል፣ እኔ ግን አላወቅኩም። ካሜራ ባነሳሁ ቁጥር ግን ደህናውን ጨፍኜ በታመመው እመለከታለሁ። ከዚያ የሰው ዕቃ ሻግቷል እላለሁ።

«መቼ አወቅሽ?» አልኳት።

«ሻይህን በቀኝህ በኩል ማስቀመጥ ከተውኩ ቆየሁ እኮ። ያን ዕለት ረስቼ ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬህ ነበር። ምንም ጭጋግ የለም ስልህ አንቺ ሌንስ አታውቂም አልከኝ።» ካሜራውን አስቀመጠችና፣ «ከካሜራዎቹ ጋር ስትጣላ ጉልበት ነበረህ። ከዓይንህ ጋር የተጣላህ ቀን ትተኛብኛለህ ብዬ ፈራሁ» አለች።

ጋሩማም ካየኝ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ያውቅ ነበር። ገና ያላገባ አማች ለልጅቷ አባት ዓይንህ ታሟል አይልም፤ ነውር ነው። ስለዚህ ዝም ብሎ ሲያፈጥብኝ ከረመ።

ፈርቻለሁ። ግራውስ ቢከተል? የሊሊሴን ፎቶ ትቼ ፊቷንስ እስከ መቼ ነው የማየው?

መጋቢት 29

የዓይን ሐኪም አየችኝ። አዜብ ትባላለች፣ ከጎጃም የመጣች ልጅ ናት። መብራቷን አስጠግታ ረጅም ጊዜ አየች። «የዓይን ሞራ ነው፣ አባቴ። ቀኙ በስሏል፤ ግራው ደህና ነው። ሞራው ይወጣል፣ በምትኩ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል።»

«ሌንስ?» አልኳት።

«አዎ፣ ትንሽዬ ሌንስ።»

«ይሻግታል?»

ሳቀች። አይሻግትም አለች። ከሠርጉ በፊት ይሁንልኝ ብዬ ለመንኳት፤ ተራው የሚደርሰኝ ግንቦት ላይ ነው፣ ደግሞም ቁስሉ በሠርግ ጭስና አቧራ መካከል መዋል የለበትም አለች። ስለዚህ ሠርጉ የሚደርሰው እኔ ባንድ ዓይን እንዳለሁ ነው። ቢሆንም ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ይወጣል ብላኛለች።

ደጅ ላይ ጋሩማ ቆሞ ነበር። ለሌላ ጉዳይ ከዲጋ መጥቼ ነው አለኝ። ምን ጉዳይ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ደረጃውን ስንወርድ በቀኜ በኩል ሆነ፣ እኔም ክንዱን ያዝኩት። ይህን ልጅ በስንት ነገር ጠረጠርኩት።

ሚያዝያ 2

ፈይሳ ቤት ሄድኩ። በሽማግሌ ፊት የተናገሩትን መሻር ሞት ነው። በር ላይ ትንሽ ተንጎራደድኩ፤ ውሻው አጋለጠኝ።

«ልጄን በአንድ ዓይን ላበላሽባት አልፈልግም» አልኩት። «ዱረቲ ታንሳ። እኔ ከቤት ስትወጣ ያለውን ብቻ፣ የምችለውን ያህል አነሳለሁ።»

ፈይሳ ወንበር ሳበልኝ። «እኛም ያን ቀን ከቤትህ ስንወጣ ተጨንቀን ነበር» አለኝ። «ማን ይንገረው ብለን ተፈራራን። ሰዎቹን እኔ እሰበስባለሁ። ያሰርነውን እንፈታዋለን፣ ቶሌ።» እሺ ማለቱ ነው። ሻይ አስመጣ። በግራዬ በኩል አስቀመጡት። ከተማው በሙሉ ያውቅ ነበር ማለት ነው!

ሚያዝያ 6

ሞረዳ ሱቅ። ስገባ ቀና ብሎ አየኝና ወደ ሥራው ተመለሰ። ሱቁ ውስጥ ሰው እስኪበዛ ጠበቅኩ፤ ያማሁት ሰው በተሰበሰበበት ነው።

«ሞረዳ፣ ያ ጥቁር ካሜራ አልተሸጠም?»

«ሻጋታ ያለበትን ማን ይገዛል?» አለ።

«ሻጋታው የኔ ነበር። ዓይኔ ላይ ነው ያለው። ካሜራህ ንጹሕ ነው፣ ይቅር በለኝ።» ይህን ጮክ ብዬ ነው የተናገርኩት።

ሞረዳ ከመደርደሪያው አወረደው፣ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለው፣ በሁለት እጁ ሰጠኝ። በግራ ዓይኔ አየሁበት። መንገዱ ማዶ ያለችው በቆሎ ጠባሽ ከነፍሟ ታየችኝ። እጄ ያን ቀን የወደደውን ካሜራ ዛሬ ዓይኔም ወደደው። ገዛሁት፤ ይኸው አልጋዬ ላይ ተቀምጧል።

ሚያዝያ 15

ግራ ዓይን ሰነፍ ተማሪ ነው። አፍንጫዬ መስታወቱን ያቆሽሻል። ቀኙን ልጨፍን ስል ሁለቱም ይጨፈናሉ። እስካሁን ያነሳሁት፦ ዶሮ፣ አጥር፣ የቀለሟ ግማሽ ፊት። ከዚያ ሙሉ ፊቷ! ጥርት ያለ። በቴሌቪዥኑ አየነው። አዎ፣ በትንሹ ቴሌቪዥን፤ ትሪ ተሸካሚ ሆኛለሁ።

ቀለሟ፣ «ለምንድነው አንድ ጊዜ ብቻ ተጭነህ የምታቆመው?» አለች። ፊልም እንዳያልቅ አልኳት። ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን። እጄ አሁንም አንዴ ነው የሚጫነው።

ሚያዝያ 24

ነገ ነው። ባትሪው ሞልቷል። ሁለት ጊዜ አየሁት። ሊሊሴ የልጅነት አልጋዋ ላይ ተኝታለች። እንቅልፍ እንቢ አለኝ።

ሚያዝያ 27

ሠርጉ አለፈ። ቤቱ ባዶ ነው። ቀለሟ ተኝታለች፣ እኔ ልጻፍ።

ጠዋት ሊሊሴ ስትለብስ፣ ጓደኞቿ ፀጉሯን ሲሠሩ፣ በር ላይ ሚዜዎቹን በዘፈን ሲያስቆሟቸው አነሳሁ። የተወሰኑት ደህና ናቸው። አንዱ የሚዜ ጫማ ብቻ ነው። ዱረቲ በቀኜ በኩል ትሠራ ነበር፤ ሰው በዚያ በኩል ሊገፋኝ ሲመጣ በትከሻዋ ትመልሰዋለች። ይህን አላየሁም መስሏታል።

ከዚያ ፈይሳ፣ «አባትና እናት ይቀመጡ» አለ።

የጉልበት መሳሙ ሰዓት ነው። ስንቱን አባት ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ «ቀና በሉ፣ ዓይን እንዳይጨፈን» ብዬ ከጎን አንስቻለሁ። እኔ ራሴ ወንበሩ ላይ እንደምቀመጥ አንድም ቀን አላሰብኩም ነበር። ካሜራ ካሜራ ስል የከረምኩት ይህን ላለማሰብ ሳይሆን አይቀርም። ከቀለሟ አጠገብ ተቀመጥኩ፣ ካሜራው ጉልበቴ ላይ። ሙሽራዋ ስትመጣ ወደ ዓይኔ ላነሳው ሞከርኩ። ባልታመመውም ዓይኔ ጭጋግ ሆነብኝ።

ሊሊሴ ተንበረከከች። ልትስም ስትል ካሜራው ጉልበቴን ይዞታል። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ ማንገቻውን ከአንገቴ አውጥታ በነጩ ቀሚሷ ላይ በራሷ አንገት አጠለቀችው፣ ጉልበቴንም ሳመች። «ሆራ ቡላ» አልኳት። ውለጂ፣ ክበጂ፣ ቤትሽ ይሙላ አልኳት። ሌላ ያዘጋጀሁት ምርቃት ሁሉ ጠፋብኝ። ቀለሟ ጨረሰችልኝ።

ሊሊሴ ግን አልተነሳችም። እንደተንበረከከች ካሜራውን አነሳችው።

«ሙሽራ ፎቶ አታነሳም» አለ ፈይሳ።

«አንድ ብቻ» አለች። «አባ፣ ቀና በል። ዓይን እንዳይጨፈን።»

የሷ «አንድ ብቻ» ውሸት ነው። ተጫነች፣ ተጫነች፣ ተጫነች። «ይበቃል፣ ልጄ» ስላት፣ «ፊልም አያልቅም አባ» አለችኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ያኔ እኔም ሳቅኩ።

ግንቦት 15

ፋሻው ተፈታ። አዜብ ጣቷን ይዛ ስንት ነው አለችኝ። ጣቷን ትቼ ደረቷ ላይ ያለውን ስሟን አነበብኩላት።

ግንቦት 24፣ እሑድ

ዲጋ፣ ሊሊሴና ጋሩማ ቤት። ዛሬ ምሳ ጠርተውን ነበር። ገና ስገባ ግድግዳው ላይ አየሁት፦ እኔና ቀለሟ ወንበር ላይ። በትልቁ አሳጥባዋለች። ቀለሟ ወደ ልጇ እያየች ትስቃለች። እኔ ሁለቱንም ዓይኔን ጨፍኛለሁ፤ ጉንጬም እርጥብ ነው።

«ዓይኔን የገለጥኩበት ጠፍቶ ነው?» አልኳት። በሥራ ዘመኔ ዓይኑን የጨፈነ ፎቶ ለደንበኛ ሰጥቼ አላውቅም።

«ብዙ አለ» አለች። «በነሱ ላይ ለፎቶ ነው የሳቅከው። እዚህኛው ላይ ግን ለኔ እያለቀስክ ነው። እኔ የምፈልገው ይህንን ነው።»

ጋሩማ ምግቡ ቀረበ ብሎ ጠራን፣ ሁሉም ወደ ጠረጴዛው ሄዱ። እኔ ትንሽ ቆየሁ። ግራ ዓይኔን ጨፍኜ እንደ ድሮው በቀኙ አየሁት። ሁሉም ቁልጭ ብሎ ይታየኛል፤ የቀለሟ ነጠላ ጥለት፣ ጉንጬ ላይ ያለው እንባ፣ የወንበሩ ምስማር። ክፈፉ ወደ ግራ ትንሽ ዘንበል ብሏል። አስተካከልኩትና ሄጄ ተቀመጥኩ። ሻዬን በቀኜ በኩል አስቀምጠውልኝ ነበር።